ዳነ ከተባለ በኋላ ለምን ያገረሻል? የልጆች የደም ካንሰርና የመዳን ዕድል

በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው የሚመላለስ አንድ ዓይነት ጥሪ አለ። የሕፃን ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከሥሩም «የደም ካንሰሩ አገርሽቶበት ውጭ ሄዶ እንዲታከም ተነግሮናል» የሚል መልእክት። ሰው ይረባረባል፤ ያለውን ያዋጣል። ወሬው ሲቀጥል ግን ክርክር ይነሣል። አንዱ «ድሮስ ካንሰር መች ይድናል» ይላል። ሌላው «ልጁን የጎዳው ኬሞው ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ገና ሲጀምረው ውጭ ቢወስዱት ኖሮ» እያለ ወላጆቹን ይወቅሳል።

በእያንዳንዱ አባባል ውስጥ የእውነት ቁራጭ አለ። የሚያሳስበው ወሬው የሚደርስበት ሰው ነው። ሌላ የታመመ ልጅ ይዞ ሆስፒታል የሚመላለስ አባትም ይሰማዋል። «አይድንም» ብሎ ያመነ ሰው ቀጠሮ ያስቀራል። «የሚጎዳው ኬሞው ነው» ያለ ሰው፣ ልጁ ትንሽ ሻል ሲለው መድኃኒቱን ያቋርጣል። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ደግሞ በልጆች የደም ካንሰር ብዙ ሕይወት ከሚያስከፍሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ማቋረጥ ነው። ስለዚህ በሽታው እንዴት እንደሚድንና ለምን እንደሚመለስ በደንብ መነገር አለበት።

የትኛው የደም ካንሰር?

የደም ካንሰር ወይም ሉኪሚያ አንድ በሽታ አይደለም። በልጆች ላይ ከሚታየው ሉኪሚያ ሦስት አራተኛ ያህሉ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው ዓይነት ነው። ሐኪሞች በአጭሩ ኤኤልኤል ይሉታል። በብዛት የሚታየው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ እሱ ነው።

ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው። ኤኤልኤል የያዘው ልጅ መቅኔ ውስጥ ብላስት የሚባሉ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ያለልክ ይራባሉ። ቦታውን ሲሞሉት ጤነኛው ደም መሠሪያ ያጣል። ቀይ የደም ሴል ሲያንስ ልጁ ይገረጣል፣ ይደክመዋል። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ሲያንስ ሳይመታ ሰውነቱ ይበልዛል፣ ይነስረዋል። ጤነኛው ነጭ ሴል ሲያንስ ትኩሳት ይመላለስበታል። አጥንቱንም ያመዋል። ትንንሾቹ «እግሬን» እያሉ ያለቅሳሉ፤ አንዳንዶቹም መራመድ ያቆማሉ።

ከወራት እፎይታ ወደ መዳን

«ካንሰር አይድንም» የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት አያስቸግርም። እስከ 1940ዎቹ ድረስ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ በሽታ የያዘው ልጅ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ነበር። በ1948 ቦስተን ውስጥ ዶ/ር ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት ሰጥተው ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። ከ16 ልጆች 10ሩ ተሻላቸው። እፎይታው ግን ጊዜያዊ ነበር። ከወራት በኋላ በሽታው ተመለሰ።

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ጌርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂችንግስ የሠሩት መርካፕቶፑሪን በ1950ዎቹ አገልግሎት ላይ ዋለ፤ ሁለቱም በ1988 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በ1962 ሜምፊስ ውስጥ ሴንት ጁድ የተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ዶ/ር ዶናልድ ፒንክል በጊዜው እንደ ድፍረት የታየ ሐሳብ ያዙ። መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ከመሞከር ይልቅ አብሮ መስጠት፣ አንጎልንም አስቀድሞ ማከም፣ ልጁ ደህና ከመሰለ በኋላም ለዓመታት መቀጠል። በ1970 ገደማ በዚህ መንገድ ከታከሙት ልጆች ግማሽ ያህሉ ዳኑ። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች በኤኤልኤል ከሚያዙት ልጆች ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ያንን 90 በመቶ በአብዛኛው ያመጡት ያረጁና ብዙዎቹም ርካሽ የሆኑ መድኃኒቶች ናቸው፦ ቪንክሪስቲን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቶትሬክሴት፣ መርካፕቶፑሪን፣ አስፓራጂኔዝ። ልጆቹን ያተረፈው እነዚህን በትክክለኛው ተራ፣ መጠንና ጊዜ፣ ሳያቋርጡ መስጠት ነው።

በሽታው የማይታይበት ወር

በሽታው ሲታወቅ በልጁ ሰውነት ውስጥ አንድ ትሪሊዮን ያህል የካንሰር ሴል አለ ተብሎ ይገመታል። ከአንድ በኋላ አሥራ ሁለት ዜሮ ማለት ነው። ኢንዳክሽን የሚባለው የመጀመሪያው ዙር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚያ መጨረሻ ላይ ከመቶ ልጆች ከ95 በላይ የሚሆኑት ሪሚሽን ውስጥ ይገባሉ። ሪሚሽን ማለት ከመቅኔው ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብላስቶቹ ከመቶ ከ5 በታች ሆነዋል፣ ጤነኛው ደም መሠራት ጀምሯል ማለት ነው።

ቤተሰቡ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ልጁ ስቴሮይድ ከሚባለው መድኃኒት፣ ከፕሬድኒሶሎኑ፣ የተነሣ ፊቱ ሞልቷል። ሌሊት ተነሥቶ ምግብ ይጠይቃል። ትኩሳቱ ጠፍቷል፤ ኮሪደሩ ላይ ይሯሯጣል። ማን ነው ይህን አይቶ «ዳነልኝ» የማይል? ግን በዚያው ልጅ ሰውነት ውስጥ እስከ አሥር ቢሊዮን የሚደርስ የካንሰር ሴል ሊኖር ይችላል። ማይክሮስኮፕ ብቻ አያሳየውም። ሕክምናው እዚህ ላይ ከቆመ በሽታው መመለሱ አይቀርም። ፋርበር ያከሟቸው ልጆች ላይም በሽታው የተመለሰው እንዲህ ያሉ ሴሎች ስለቀሩ ነው።

ስለዚህ «አገረሸ» ስንል አዲስ በሽታ መጣ ማለታችን አይደለም። ከመጀመሪያውም ያልጠፉ፣ መድኃኒቱን የተቋቋሙ ወይም መድኃኒቱ ያልደረሰባቸው ሴሎች እንደገና ተራቡ ማለት ነው። መድኃኒት በቀላሉ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ አንጎልና አከርካሪ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ነው። ሌላው የወንድ ልጆች የዘር ፍሬ ነው። ወላጆችን ከምንም በላይ የሚያስጨንቃቸው የጀርባ መርፌ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ሜቶትሬክሴቱ በደም ሥር ገብቶ የማይበቃበትን ቦታ በቀጥታ ለመድረስ።

ቀሪዎቹን ሴሎች መቁጠር የሚቻልበት ምርመራ አለ። ኤምአርዲ ይባላል፤ በማይክሮስኮፕ የማይታይ ቀሪ በሽታ ማለት ነው። ከአሥር ሺህ ሴሎች መካከል አንዷን የካንሰር ሴል ለይቶ ያወጣል። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ላይ የሚገኘው የኤምአርዲ ውጤት በሽታው ያገረሽ ወይም አያገረሽ እንደሆነ ከሚጠቁሙት ሁሉ ብርቱው ነው። ከአሥር ሺህ አንድ በታች ከሆነ ተስፋው ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሐኪሙ ሕክምናውን ያጠነክራል።

ልጁ ይዞት የሚመጣው አደጋ

ሁለት ልጆች በአንድ ቀን አንድ ዋርድ ገብተው፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት ወስደው፣ አንዱ ሊድን ሌላው ሊያገረሽበት ይችላል። ይህ የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ለማወቅ ቀላሉ መለኪያ ዕድሜና የነጭ ደም ሴል ብዛት ነው። ዕድሜው ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆነና መጀመሪያ ሲመረመር የነጭ ሴሉ ቁጥር ከ50,000 በታች የሆነ ልጅ አደጋው ዝቅ ያለ ነው ተብሎ ይመደባል። ከዚያ የወጣው ከፍ ያለ አደጋ ያለበት ነው። ይህ ምደባ በ1990ዎቹ በስምምነት የጸደቀ ሲሆን ተራ የደም ምርመራ ባለበት ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የነበረው ቁጥር በወረቀት መያዝ አለበት። ልጁ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ሲጻፍለት ያ ወረቀት ቢጠፋ የሚጠፋው ትልቅ መረጃ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የካንሰሩ ሴል ጂን ነው። የክሮሞዞማቸው ቁጥር ከልክ በላይ የበዛ ሴሎች በአብዛኛው ለመድኃኒት ይሸነፋሉ፤ ያነሰባቸው ግን አስቸጋሪ ናቸው። ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው ኬኤምቲ2ኤ የተባለው ጂን መዛባት ከሁሉ ይከፋል። ፊላደልፊያ ክሮሞዞም የሚባለው ለውጥ ያለበት ልጅ ድሮ ተስፋው የመነመነ ነበር። ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን ከኬሞው ጋር መሰጠት ሲጀምር ግን ነገሩ ተቀየረ። ይህ ምርመራ የሌለበት ቦታ የሚታከም ልጅ ይህ ለውጥ ቢኖርበትም ማንም ሳያውቅለት፣ ክኒኑን ሳያገኝ ሊያገረሽበት ይችላል። «የልጁ ዕድል» ከምንለው ውስጥ ከፊሉ እንዲህ ያለ ያልተሠራ ምርመራ ነው።

ቤት ውስጥ የሚወሰደው ክኒን

ሰው ስለ ኬሞ ሲያወራ በዓይኑ የሚመጣው ጉሉኮስና አልጋ ነው። የኤኤልኤል ሕክምና ግን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ ረጅሙ ክፍል የሚካሄደው ቤት ውስጥ ነው። ሜይንተናንስ ይባላል፤ የተገኘውን ውጤት ማጽኛ እንበለው። መርካፕቶፑሪን በየቀኑ፣ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን። ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ለዓይን ጤነኛ ነው።

የመርካፕቶፑሪን ክኒን ባለ 50 ሚሊግራም ነው። የአንድ ትንሽ ልጅ መጠን ብዙ ጊዜ በሙሉ ክኒን አይገጥምም። ስለዚህ እናት ማታ ማታ ክኒኑን ለሁለት ትከፍላለች። ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ግማሽ፣ ረቡዕ እንደገና አንድ። ልጁ አልውጥም ይላል፣ ይተፋዋል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይኬዳል፣ ክኒኑ አልቆ ከተማ እስኪኬድ አራት ቀን ያልፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት።

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን አሜሪካ ውስጥ በደንብ ተጠንቷል። በዶ/ር ስሚታ ባቲያ የሚመራ ቡድን የክኒኑን ጠርሙስ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓቱን የሚመዘግብ አደረገው። ከታዘዘላቸው መቶ መጠን ከ95 በታች የወሰዱት ልጆች ላይ በሽታው የማገርሸት አደጋው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሆኖ ተገኘ። ከመቶ 95 ማለት በወር አንድ ወይም ሁለት ቀን መዝለል ነው። ሌላም ነገር ታየ። ብዙ ቤተሰቦች «በየቀኑ ሰጥተናል» ብለው የተናገሩትና ክዳኑ የመዘገበው አልገጠመም። ውሸታሞች ስለሆኑ አይመስለኝም። ማንም ቢሆን የዘለለውን ቀን አያስታውስም። ሐኪሙ ሲጠይቅ ደግሞ ወላጅ ያፍራል፣ ይፈራል። ባለሙያ በቁጣ የሚጠይቅ ከሆነ የሚያገኘው መልስ «እየወሰደ ነው» የሚል ብቻ ይሆናል።

ከዚያው ጥናት የወጣ አንድ የምሥራች አለ። ድሮ መርካፕቶፑሪን በባዶ ሆድ፣ ማታ ብቻ፣ ከወተት ጋር ሳይሆን ይወሰድ ይባል ነበር። ክኒኑ በየቀኑ እስከተወሰደ ድረስ ከምግብ ጋር መወሰዱ ወይም አለመወሰዱ ማገርሸት ላይ ለውጥ አላመጣም። ልጁ የሚቀበልበትን ሰዓት መምረጥ ይሻላል። ሜቶትሬክሴት ላይ ግን ቀልድ የለም። የሳምንቱ መድኃኒት በስሕተት በየቀኑ ከተሰጠ ሊገድል ይችላል። ሁለቱን ክኒኖች ለየብቻ ማስቀመጥ፣ የሜቶትሬክሴቱን ቀን ካላንደር ላይ ማክበብ ዋጋ የማይጠየቅበት ጥንቃቄ ነው።

ሳያገረሽባቸው የሚሞቱት

በበለጸጉት አገሮች ኤኤልኤል የያዘው ልጅ ቢሞት ዋናው ምክንያት ማገርሸት ነው። እኛ ጋ ሥዕሉ ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካንሰር ከያዛቸው ልጆች በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ፣ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ይህን ልዩነት ማገርሸት ብቻውን አይፈጥረውም።

አንዳንዱ ልጅ ከነጭራሹ አይታወቅለትም። ትኩሳትና መገርጣት ወባ ይመስላል፣ ታይፎይድ ይመስላል፣ የደም ማነስ ይመስላል። የመገጣጠሚያ ሕመሙ ሪህ ይባላል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ምርመራ ሳይደረግ ፕሬድኒሶሎን መስጠት ነው። ስቴሮይድ የኤኤልኤልን ሴሎች ይገድላል። ልጁ ለጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል፣ ምልክቱ ይደበቃል። ሲመለስ ግን በሽታው መድኃኒቱን ለምዷል፤ ምደባውም ተበላሽቷል። ገርጥቶ፣ በልዞና ትኩሳት ተመላልሶበት ለመጣ ልጅ ሙሉ የደም ቆጠራ ሳይሠራ ስቴሮይድ መስጠት መቅረት አለበት።

ሌላው ልጅ በኢንፌክሽን ይሞታል። ኬሞ ካንሰሩን ሲመታ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ተከላካይ ሴሎችም ይመታል። ቁጥራቸው ከ500 በታች ሲወርድ በሌላ ጊዜ ምንም የማያደርግ ባክቴሪያ በአንድ ሌሊት ልጁን ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰው እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማየትም የለም። የታወቀው ግብ ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ እንዲገባ ነው። ቤቱ ከሆስፒታሉ የአንድ ቀን መንገድ ለሆነ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያስበዋል። ከስቶ የመጣ ልጅ ደግሞ አደጋው ይብስበታል። «ኬሞው ነው የገደለው» የሚለው ወሬ በአብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ነው። ያው ኬሞ አንቲባዮቲክ፣ ደምና ምግብ በሰዓቱ በሚገኝበት ቦታ ልጆችን ያድናል።

ከዚያ ማቋረጥ አለ። በባለሙያዎች ስምምነት ሕክምናውን አራት ተከታታይ ሳምንት የተወ ልጅ እንዳቋረጠ ይቆጠራል። በኢትዮጵያ የልጆች ካንሰር ሕክምና ለረጅም ጊዜ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አሁን ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌም የሕክምና ክፍሎች አሉ። ያም ሆኖ ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ መንገዱ ሩቅ ነው። አባት እርሻውን ትቶ ይመጣል፣ ቤርጎ ይከራያል። እናት ከታመመው ጋር አዲስ አበባ ስትሰነብት ሌሎቹ ልጆች ጎረቤት ይቀራሉ። በሬ ይሸጣል። ልጁ ደግሞ «ድኗል»፤ ሲሮጥ ይታያል። እዚህ ላይ መንገድ የሚቆርጠውን ቤተሰብ በግዴለሽነት መውቀስ አልችልም። የሚቀረውን ወጪ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች አስልቶ ያቃተው ነው። ተስፋ አዲስን የመሰሉ የወላጆች ማኅበራት ከሩቅ ለሚመጡ ልጆች ማረፊያና ምግብ ሲያቀርቡ ሥራቸው በጎ አድራጎት ብቻ ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የሕክምናው ክፍል አድርጌ ነው የማየው።

ይህን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ብራዚል ውስጥ በድህነት በሚታወቀው ሰሜን ምሥራቅ ክፍል፣ ሬሲፌ ከተማ ውስጥ በ1980ዎቹ ከታከሙት የኤኤልኤል ልጆች በሽታው ሳይመለስባቸው አምስት ዓመት የዘለቁት 32 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1997 እስከ 2002 ከታከሙት ግን 63 በመቶ ደረሱ። የሚያቋርጡት ከ16 በመቶ ወደ አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ቁጥር ወረዱ። የተጨመረው ራሱን የቻለ የሕፃናት ካንሰር ክፍል፣ የሠለጠኑ ነርሶች፣ ለቤተሰቦች ማረፊያና ትራንስፖርት፣ የቀረውን ልጅ ፈልጎ የሚያመጣ የማኅበራዊ ሠራተኞች ቡድን ነበር።

ስለ ጠበልም በግልጽ መነጋገር ይሻላል። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ጠበል ይወስዳል። እምነቱ ለቤተሰቡ ብርታት ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ጉዳቱ የሚመጣው ጠበሉ በኬሞው ምትክ ሲሆን ነው። «ወይ ይሄ ወይ ያ» የሚል ሐኪም ቤተሰቡን ያጣዋል። ቀጠሮው ሳይተላለፍ፣ ክኒኑ ሳይቋረጥ፣ ተከላካይ ሴሉ በወረደበት ሳምንት ከሰው ጭንቅንቅ ርቆ እንዴት እንደሚሆን አብሮ የሚያቅድ ሐኪም ግን ልጁን ያቆየዋል። ካህናትም «መድኃኒትህን እየወሰድክ ጸልይ» ሲሉ ቃላቸው ከማንም በላይ ይሰማል።

ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉን አድርጎ መድኃኒቱ ራሱ ሊያጥር ወይም ጥራቱ ሊጎድል ይችላል። በ2025 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በማላዊና በካሜሩን የተሰበሰቡ የካንሰር መድኃኒቶችን መርምሮ ነበር። ከናሙናዎቹ አንድ አምስተኛ ያህሉ የሚፈለገውን መስፈርት አላሟሉም። ከተመረመሩት መካከል ሜቶትሬክሴት ይገኝበታል። ያነሰ መጠን የያዘ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ፣ ክኒን ከሚዘልለው ልጅ በምንም አይለይም። ግን ማንም አያውቅለትም።

ባለሙያዎች የማይስማሙባቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ክርክር የዘር ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ልጆች ከነጮቹ ያነሰ ይድኑ ነበር። አንዳንዶች ምክንያቱን በደማቸው ውስጥ ፈለጉ። በ2003 ከሴንት ጁድ የወጣ ጥናት ግን ሁለቱም እኩል ሕክምና ሲያገኙ ውጤታቸው እኩል እንደሆነ አሳየ። ያም ሆኖ ጂን ምንም ሚና የለውም ማለት አይደለም። በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ዝርያ ያላቸው ልጆች ላይ ማገርሸት እንደሚበዛ፣ አንድ ተጨማሪ የኬሞ ዙር ሲሰጣቸው ግን ልዩነቱ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ጂኑ አደጋውን ይጨምራል፤ ሕክምናው ይመልሰዋል።

ለእኛ ሰዎች በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ይነሣል፤ በእስራኤልና በአሜሪካ ለሚታከሙትም ጭምር። ብዙ አፍሪካውያን፣ ኢትዮጵያውያንም ጨምሮ፣ ደፊ የሚባለው የደም ዓይነት ምልክት ቀይ ሴላቸው ላይ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የኒውትሮፊል ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በዚህ ምክንያት ግን ለበሽታ አይጋለጥም። በሜይንተናንስ ጊዜ ቁጥሩ ሲወርድ ሐኪም መድኃኒቱን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ለአውሮፓዊ ልጅ የተሠራ መለኪያ ለኢትዮጵያዊ ልጅ ሲያገለግል መድኃኒቱ ያለ በቂ ምክንያት ሊቀነስ ይችላል የሚል ሥጋት አለ። ወላጅ ስለዚህ ጉዳይ ሐኪሙን ቢጠይቅ ያስኬዳል። በራሱ ፈቃድ መጠን መጨመር ግን አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ኬሞው ብርታት ነው። አንዱ ወገን «ለምን የእኛ ልጆች የቀነሰ ሕክምና ያገኛሉ? አሜሪካ የሚሰጠው ይሰጣቸው» ይላል። ሌላው ወገን ደም፣ አንቲባዮቲክና የጽኑ ሕሙማን አልጋ በማይገኝበት ቦታ ያ ጠንካራ ኬሞ ከሚያድነው ይልቅ የሚገድለው ይበልጣል ባይ ነው። የዓለም አቀፉ የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ሆስፒታሉ ያለውን አቅም አይቶ ሕክምናውን ደረጃ በደረጃ ማጠንከርን ይመክራል። እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ሆስፒታሉ በየዓመቱ ስንት ልጅ በማገርሸት፣ ስንት በኢንፌክሽን፣ ስንት በማቋረጥ እንዳጣ መመዝገብ አለበት። ያ መዝገብ ከሌለ ኬሞው ይጠንክር ወይስ ይቀነስ የሚለውን የሚወስነው ግምት ነው።

ካገረሸስ?

ማገርሸት የሞት ፍርድ አይደለም። ውጤቱን ከሚወስኑት ዋናው ጊዜው ነው። በሽታው ከታወቀ በ18 ወር ውስጥ ከተመለሰ፣ ያኔ እየተሰጠ ያለውን መድኃኒት አሸንፎ ነው የመጣው፤ ማከሙ ከባድ ነው። ሕክምናው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ ከመጣ ግን ያው የድሮ መድኃኒት እንደገና ሊሠራበት ይችላል። ቦታውም ይለያል። አንጎል ወይም የዘር ፍሬ ላይ ብቻ የታየ ማገርሸት መቅኔ ላይ ከታየው የተሻለ ተስፋ አለው። በበለጸጉት አገሮች ካገረሸባቸው ልጆች በድምሩ ግማሽ ያህሉ ይተርፋሉ።

አዲሶቹ ሕክምናዎች የሚሰሙት እዚህ ላይ ነው። ብሊናቱሞማብ ሁለት እጅ ያለው መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል። በአንድ እጁ የካንሰሩን ሴል፣ በሌላው የልጁን ተከላካይ ሴል ይዞ ያገናኛቸዋል። ለ28 ቀን ያለማቋረጥ በትንሽ ፓምፕ ይሰጣል። በታኅሣሥ 2024 ይፋ በሆነና 1,440 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት ኬሞ ብቻ ከወሰዱት 87.9 በመቶ፣ ብሊናቱሞማብ ከተጨመረላቸው ደግሞ 96 በመቶ የሚሆኑት ሦስት ዓመት ያለ በሽታ ቆይተዋል። እነዚህ ልጆች አላገረሸባቸውም ነበር፤ መድኃኒቱ የተሰጣቸው እንዳያገረሽባቸው ነው። ካር-ቲ የሚባለው ደግሞ የልጁን ተከላካይ ሴል ከደሙ አውጥቶ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ካንሰሩን እንዲያውቅ አድርጎ መልሶ የሚሰጥ ነው። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ዋጋው 475,000 ዶላር ነበር።

«ይህን ያህል ገንዘብ ለአንድ ልጅ ከሚወጣ ለብዙዎቹ መርካፕቶፑሪን ይገዛ» የሚል ክርክር ይቀርባል። በመንግሥት በጀት ደረጃ ትክክል ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጀው ዕቅድ በ2030 ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶ እንዲድኑ ይፈልጋል። እዚያ የሚያደርሰው የደም ቆጠራ፣ የማይቋረጥ የመድኃኒት አቅርቦትና ማረፊያ ቤት ነው። ድርጅቱ ከሴንት ጁድ ጋር በ2021 የጀመረው መድኃኒት የማቅረብ ፕሮግራም በ2025 ለሞንጎሊያና ለኡዝቤኪስታን ማድረስ ጀምሯል። ግን ይህን ሒሳብ ልጇ ፊቷ ለተኛባት እናት መንገር አይቻልም። እሷ የምትፈልገው ምን ማድረግ እንደምትችል ማወቅ ነው።

ለውጭ ሕክምና ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ። በሽታው የተመለሰው ከተጀመረ በስንት ወሩ ነው? መቅኔ ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ከመመለሱ በፊት የተቋረጠ መድኃኒት ነበር? ከነበረ ሴሎቹ መድኃኒቱን ያልተላመዱ ሊሆኑ ስለሚችሉ አገር ውስጥ የሚሰጠው ኬሞ እንደገና ሊሠራ ይችላል። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ከታሰበ የሚሰጠው ማን ነው? ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እኅት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ምርመራው ደግሞ ከአገር ሳይወጡ መጀመር አለበት። የውጭው ሆስፒታል የጠየቀው ገንዘብ የመጀመሪያውን ወር ብቻ ነው ወይስ ኢንፌክሽን ቢገጥም የሚያስፈልገውንም ይጨምራል? ተመልሶ ሲመጣ ክትትሉን የሚቀበለው የትኛው ሐኪም ነው፣ መድኃኒቱስ እዚህ ይገኛል? ከሁሉ በፊት ደግሞ የመጀመሪያው ቀን የደም ቆጠራ፣ የመቅኔው ውጤት፣ የወሰዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝርና የተወሰዱበት ቀን በአንድ ፋይል ተሰብስበው ከልጁ ጋር ይሂዱ።